አንድ ፍሬ ቡና ያህል የዘገየ እሳት

ሽማግሌ ልኬ የምወዳትን ልጅ ባስጠየቅኩ ጊዜ የተነሣው ክርክር ስለ ዘር አልነበረም። ስለ ሃይማኖትም፣ ስለ ጥሎሽም አልነበረም። ክርክሩ የአንድ ጭነት መኪና ሞተር እሳቱን መቼ ይስጥ የሚል ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሚስት ላገኝ ብዬ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን በቡና ጆንያ ላይ አስቀምጬ ዳገት እንዳስወጣሁ ማን ያምነኛል? የሚያምነኝ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ መካኒክና የመቱ ሰው።

ነገሩ የሆነው ጠላት ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ መቱ ውስጥ መኪና በጣት ይቆጠር ነበር። መኪና ሲመጣ ገና ሳይታይ ሰው በድምፁ የማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ምን እንደጫነም የሚያውቅ አይጠፋም። እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት መካኒክነት ተምሬ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ተመለስኩ። መጽሐፉ የአዳዲስ ሞተሮች መጽሐፍ ነው። ከመጽሐፉ ጋር እንዴት እንደምሄድ አስታውሳለሁ፤ ታቦት የተሸከመ ሰው እንኳ እንደዚያ አይሄድም።

በከተማው የነበሩት መካኒክ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ረጅም ሽማግሌ። ሙያውን የተማሩት በጠላት ጊዜ ከአንድ ጣልያን ነው። ጣልያኑ ሞተር እንቢ ሲለው ይሳደብ ስለነበር እሳቸውም ያለ ስድብ ሞተር የሚነሣ አይመስላቸውም። ስድቡ በጣልያንኛ በመሆኑ ቄስ ባለበትም ይሳደቡ ነበር፤ ቄሱም የመኪና ቋንቋ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ እሳቸው ጋራዥ ተቀጠርኩ። አንድ ልጅ አለቻቸው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ጠዋት ጠዋት ሹፌሮች ሳይመጡ አባቷ ዘንድ የምትገኝ፣ ቀን ላይ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ የምታነብ ልጅ ነች። በሦስተኛው ቀን ወደድኳት። በዓመት ውስጥ ካነጋገረችኝ ዐሥራ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰባቱ «አባባ አሁን ይመጣሉ» የሚል ነበር፤ እኔ ግን ከድምፅዋ ብዙ ነገር አወጣለሁ። ፍቅር የያዘው መካኒክ ድምፅ ሲያዳምጥ ያልተባለውንም ይሰማል።

ሞተር ለማያውቅ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወጣ ከአየር ጋር የተቀላቀለውን ቤንዚን ያምቀዋል። ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ የታመቀው ይነድና ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። እሳቱ ከዘገየ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ዳገት ላይ ይፈላል። ከቀደመ ደግሞ ሞተሩ ከራሱ ጋር ይጣላል። እንግዲህ «ትንሽ ሲቀረው» ያልኩት ትንሽ ስንት ነው? እኛን ያጣላን እሱ ነው።

ጋሼ ለዚህ የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው። ከሞተሩ ፊት ቀበቶ የሚዞርበት የብረት ክብ አለ። በክቡ ላይ ፋብሪካው የቀረጸው ጭረት ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን ይናገራል። ጋሼ ከጭረቱ ቀደም አድርገው አንዲት ፍሬ ቡና በሰም ይለጥፋሉ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ በሚያስነሡበት ብረት፣ በማኖቬላው፣ ቀስ አድርገው ያዞሩታል፤ ፍሬዋ ከክቡ አጠገብ ካለው ጠቋሚ ብረት ፊት ስትደርስ እሳቱ እዚያ ላይ እንዲሰጥ አድርገው ያስሩታል። ቡናዋም ዝም ብላ የተገኘች ቡና አይደለችም። የያዮ ጫካ ቡና መሆን አለባት፤ የጓሮ ቡና ጥጋብ ስላለባት ትወፍራለች ይላሉ። ሹፌሮቹ ግን ፍሬዋን የሚያዩዋት እንደ መድኃኒት ነበር። አንዳንዱ ከጉዞ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ ነካ ያደርጋትና ግንባሩን ይዳስሳል።

ከመቱ ሀብታሞች አንዱ የሆኑ የቡና ነጋዴ በዚች በአንዲት ፍሬ የሚሄድ አሮጌ መኪና ነበራቸው። ስንት ዓመት ሙሉ የኢሉባቦርን ዳገት ሲወጣ ኖሯል፤ ቆሞ አያውቅም። በመጣሁ በዓመቱ ነጋዴው ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና አመጡ። የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስሙ አንድ፣ አፍንጫው አንድ፣ መብራቱ እንኳ እንደዚያኛው ዓይኑን ፈጠጥ ያደረገ። ነጋዴው «አባትና ልጅ» ብለው ጠሯቸው፤ ከተማውም ተቀበለው። የልጁ ሞተር ግን ሌላ ነበር። ከአባቱ ፈጥኖ ስለሚዞር እሳቱን ቀደም ብሎ ይፈልጋል። የፊቱ ክብም ሰፋ ያለ ስለሆነ ያችው አንዲት ፍሬ ቡና በሱ ላይ ከበፊቱ ያጠረች መንገድ ናት። ይህ ሁሉ በመጽሐፌ ውስጥ ከነሥዕሉ አለ። ጋሼ ግን «አባቱን በለካሁበት ልጁን እለካዋለሁ» ብለው አንዲት ፍሬ ለጠፉለት።

ከዚያ በኋላ አዲሱ መኪና ያላደረገው ነገር የለም። ዳገት ሲያይ ይፈላል። ሹፌሩ ውሃ የሚጭንበት በርሜል ከመብዛቱ የተነሣ ለቡናው ቦታ ጠፋ። ከሁሉ የከፋው ግን ጭስ ማውጫው መተኮስ መጀመሩ ነው። አንድ ቀን ነጋዴው ራሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ከያዮ ሲመለሱ ከመንገዱ ዳር የአንድ ባላባት ቀብር ላይ ደረሱ። ሹፌሩ ለቀስተኛውን ለማክበር ብሎ እግሩን ከቤንዚኑ ሲያነሣ መኪናው ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ቡም፣ ቡም፣ ቡም። ለቀስተኛው ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መልስ ተኮሰ። የሟች የበኩር ልጅ እንባውን እየጠረገ መጣና የነጋዴውን ጉልበት ስሞ «አባቴ እንዲህ የሚያከብሩት ወዳጅ እንዳሉት አናውቅም ነበር» አላቸው። ነጋዴው ሟቹን በመልክም በስምም አያውቁም። ግን ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይላል? ወርደው አለቀሱ። በአርባውም ቀን ሄደው የክብር ቦታ ተሰጣቸው፤ ስለ ሟቹ እንዲናገሩ ተጠይቀው «ምን ብዬ ልናገር፣ ቃል የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ሕዝቡ በሐዘናቸው ጥልቀት ተደነቀ።

ከአርባው ሲመለሱ በቀጥታ ጋራዥ መጡ። ሹፌሮች፣ ተሸካሚዎች፣ ደግሞም ሥራ የሌለው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። «ይህን መኪና ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «መኪናው ገና አገሩን አልለመደም» አሉ። እኔ አፌን መያዝ ነበረብኝ። መጽሐፌን ከፍቼ፣ ጣቴን ሥዕሉ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሼ፣ እሳቱ ዘግይቷል» አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሳትወለድ እሳት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «የኔ እሳት ዘገየ?» ቀጥለው በጣልያንኛ አንድ ነገር አሉ፤ ያን ቀን ግን ሞተሩን አልነበረም። መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ። በርሜሉ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ሞኙ አዝና ያየችኝ መሰለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ነገሩን ያበርዳል። እኔ በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩና ሰላምታን እንኳ በአንቀጽ የሚከፋፍሉ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው የአጽዋማትና የበዓላትን ቀን በቃላቸው የሚያሰሉ መሪጌታ ናቸው። ሦስተኛው ከያዮ የመጡ፣ ጫካው ውስጥ ብዙ ቀፎ ያላቸው፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀሉ የሚያወሩ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ሦስቱ በድንበርና በከብት ጉዳይ ያላስታረቁት ሰው የለም። ዘዴያቸውም የታወቀ ነው፤ አንዱ ይህን ቢል፣ ሌላው ያን ቢል፣ መሀሉን ይይዛሉ።

እንደ ወጉ ጋሼ በር ላይ ቆመው «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ። ጋሼም እንደ ወጉ «ልምከርበት» ማለት ሲገባቸው «ልጅ መስጠቱ ይደርሳል» አሉ። «መጀመሪያ እሳትህ ዘግይቷል ያለው ቃሉን ያንሣልኝ። ያን ያለ ሰው ልጄን አያገባም።»

የያዮው ሽማግሌ ግራ ገባቸው። «ኢቢዳ? የምን እሳት ነው? የማን ቤት ተቃጠለ?» አሉ።

ጋሼ ሦስቱንም ጋራዥ ወስደው ኮፈኑን ከፍተው አስረዷቸው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። ጸሐፊው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው «ቃልህን አንሣ» አሉኝ። አንድ ቃል ነው፤ ባነሣው ልጅቷን አገኛለሁ። ግን ያኔ ግትር ነበርኩ፤ ለጥቂት ሳምንት እውነት የኔ የግል ንብረት መስሎኝ ነበር። «እሳቱ ዘግይቷል፤ ዘግይቷል አልኩ» አልኳቸው።

«እሳቸው ስንት ነው የሚሉት?» አሉ ጸሐፊው።

«አንድ ፍሬ ቡና።»

«አንተስ?»

መጽሐፉ የሚያዘውን በአዲሱ ክብ ላይ ለክቼው ነበር። «ሦስት ፍሬ» አልኩ።

ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ከፊታቸው ታየ። «ቶሌ፣ እሺ» አሉ የያዮው ሽማግሌ እፎይ ብለው፤ «ሁለት ነዋ!»

እሳት እንደ መሬት ድንበር በመሀል እንደማይከፈል ላስረዳ ሞከርኩ። ጸሐፊው ተቆጡ። «በድንበር ስንት ሰው እንደተገዳደለ ታውቃለህ? እሱን ያስማማን ሰዎች ነን፤ ይህ የማይታይ ብልጭታ ምን አለበት?» አሉኝ።

ፍርዱን ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ ጋሼ በር ላይ ቆሙ። ጋሼ «በእሳት መሀል የለውም» ብለው መለሷቸው። በዚህስ ከእኔ ጋር ተስማሙ፤ በጠቅላላው ነገር አንድ የሆንበት ሐሳብ ይህ ብቻ ነበር። ያኔ መሪጌታው ጉዳዩን በራሳቸው መንገድ ያዙት። የጾሙ መግቢያ በስሌት ከታወቀ የእሳቱ ሰዓት የማይታወቅበት ምክንያት የለም አሉ፤ ሞተሩ የተሠራበትን ዓመት ጠይቀው አበቅቴውንና መጥቅዑን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ በጽሞና ሰሟቸው። ስሌቱ አልቆ የወጣው መልስ ግን «ሐሙስ» የሚል ሆነ። በመጨረሻ የያዮው ሽማግሌ «እኛ ለምን እንለፋለን? መኪናው ራሱ ይናገር» አሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጅቷን ካጣሁ መቱ ውስጥ የምኖርበት ምክንያት አይታየኝም ነበር። መኪናው የሚናገረው ስለ እኔ ዕድል ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎሬ በሚወስደው ዳገት ሥር ተሰበሰብን። ግማሽ ገበያተኛ ገበያውን ትቶ መጥቷል። መኪናው ቡና ተጭኗል፤ ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከጆንያዎቹ አናት ላይ ተቀመጡ፤ ዳኛ ከጉዳዩ መራቅ የለበትም ብለው ነው። ጸሐፊው ሥርዓቱን ከላይ ሆነው አነበቡ። እያንዳንዱ ወገን በራሱ ልክ ያስረዋል፤ ሞተሩንም የሚያስነሣው በገዛ እጁ ነው።

መጀመሪያ የጋሼ አንድ ፍሬ ሆነ፤ እሷ ድሮም እንደተለጠፈች ናት። ሞተሩ በጣልያንኛ ተነሣ። የዳገቱን ሢሶ እንደወጣ መፍላት ጀመረ፤ እንፋሎቱ ጃንጥላዎቹን ሸፈናቸው። መሪጌታው ከእንፋሎቱ ውስጥ ሆነው ጸሎት ሲያደርሱ ይሰማል። መኪናው ቆመ፤ ቁልቁል ሲመለስም ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የገበያው ሰው በልማድ ባርኔጣውን አወለቀ።

ተራዬ ደረሰ። ሦስት ፍሬ ቆጥሬ ለጠፍኩና አሰርኩ። ማኖቬላውን ይዤ አንዴ ስጠመዝዘው እሳቱ ፒስተኑ ገና ሳይደርስ ቀድሞ ኖሮ ሞተሩ ወደ ኋላ ገፋኝ፤ ብረቱ አውራ ጣቴን መትቶ መሬት ላይ ጣለኝ። ሰው ሳቀ። በሁለተኛው ተነሣ፤ ዳገቱንም ያዘ። አልፈላም። ግን ከመሀል ላይ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚያንቀጫቅጩት ያለ ድምፅ ያሰማ ጀመር። የያዮው ሽማግሌ ከላይ «ያ ዋቃ! ይሄ መኪና ብርድ ይዞታል፤ ጥርሱ እኮ እየተንቀጫቀጨ ነው!» ብለው ጮኹ። ነጋዴው ሞተራቸው ሊሰበር ነው ብለው በሩጫ አስቆሙት።

የዚያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የኔ መጽሐፍ የተጻፈው ለንጹሕ ቤንዚን ነበር። መቱ የሚደርሰው ቤንዚን ግን በበርሜል እየተንከባለለ፣ በየመንገዱ ላምባ እየተጨመረበት የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ቤንዚን ሦስት ፍሬ አይችልም። መጽሐፉ መቱን አያውቃትም፤ እኔም ሁለት ዓመት ተምሬ አገሬን ረስቼ ነበር። ጣቴ አብጦ ፊቴ በሐፍረት ነደደ።

«እንግዲህ ሁለት» አሉ ጸሐፊው። የተደነቁ አይመስሉም።

ጣቴ ስላበጠ ሁለቱን ፍሬ የሚለጥፉት ጋሼ ሆኑ፤ እኔ ሰሙን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። ኮፈኑ ሥር ከሁለታችን በቀር ሰው አያየንም። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ክቡን ዳበሱ፤ ጭረቱን ፈልገው የያዙት ግን ብሎን ነበር። ፍሬዋን እዚያ ላይ ሊለጥፉ ነው። «ጋሼ» አልኩ በዝግታ። ቀና ብለው አዩኝ፤ የሚያዩት ግን እኔን ሳይሆን ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን አየር ነበር። ዓይናቸው ፈዞ ኖሯል። ጭረት ማየት ከተዉ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል? ፍሬዋን በጣታቸው እንደሚያነቧት ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ «እሳቱ ዘግይቷል» ብዬ በሰው ፊት ስጮህ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ጭረቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ፍሬ ጎን ለጎን ለጠፍን።

መኪናው ወጣ። ሳይፈላ፣ ሳይንቀጫቀጭ፣ ሳይተኩስ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከነጃንጥላቸው ዳገቱ አናት ላይ አደረሳቸው። ስለ ሞተር አንዲት ነገር የማያውቁ ሦስት ሰዎች እኔንም መጽሐፌንም፣ ጋሼንም ጣልያናቸውንም አሸነፉን። ምክንያቱን ብጠየቅ ላምባውንና የክቡን ስፋት ቆጥሬ ማስረዳት እችላለሁ። እነሱ ግን ምክንያት አላስፈለጋቸውም። ጸሐፊው ከጆንያው ላይ ሳይወርዱ «ሁለቱም ወገን አጥፍቷል፤ ሁለቱም ወገን ይቅር ይባባል» ብለው ፈረዱ። የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። «ይሁን» አሉ፤ «ልጄን ሰጥቻለሁ።» ገበያተኛው እልል አለ።

ከዚያ ወዲያ የሽማግሌዎቹ ዝና አገር አዳረሰ። ከበደሌ አንድ ሹፌር መጥቶ «ሞተሬን አስታርቁልኝ» አለ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ ቢጠይቁት አላወቀም። ከኖፓ የመጣ ልብስ ሰፊ ሲንጀር መኪናው ላይ ሁለት ፍሬ ቡና ለጥፎ ክሩ መበጠሱን ተወ ብሎ ማለ። መሪጌታው ሐሙስ ያሉት ትክክል ነበር የሚሉም ተነሡ፤ ያ መኪና ከዚያ በኋላ ሐሙስ ቀን ተበላሽቶ አያውቅምና። እኔ ጋራዥ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ከጋሼ ጋር ኮፈን ሥር እቆማለሁ፤ እሳቸው ይዳብሳሉ፣ እኔ አያለሁ። ስለ ዓይናቸው አንድም ቀን አላወራንም። ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ተቆረጠ፤ እኔም ከኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው በኢሉባቦር የለም ብዬ አምን ነበር።

ቀለበቱ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ጋራዡ በር ላይ ጠራችኝ።

«ሞተሩን ሦስት ጊዜ ጠየቃችሁት» አለችኝ። «አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሦስት፣ አንዴ በሁለት። የሚስማማው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ የመቱ ሰው ዳገት ወጣ። እኔን መጥቶ የጠየቀኝ ሰው አለ?»

አስታወስኩ፣ ፈለግኩ፤ ማንም አልነበረም። እኔም አልነበርኩ።

«አሁን እጠይቅሻለሁ» አልኳት።

«ጠይቀኝ።»

ጠየቅኳት። ለወራት ያጠናሁትን ሁሉ ረስቼ፣ የታሰረ ጣቴን እያሻሸሁ፣ እንደ ሕፃን «ታገቢኛለሽ?» አልኳት።

«አይ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነበር። «የአባባን ዓይን አይተሃል አይደል?»

«ዳገቱ ላይ አየሁ።»

«እኔ ካወቅኩ ሦስት ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት ሹፌሮች ሳይመጡ ጭረቱ የት እንዳለ የማሳያቸው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ለመምህርነት ትምህርት ሁለት ጊዜ ተቀብለውኝ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። እኔ ብሄድ በሳምንቱ ሰው ሁሉ ያውቅባቸዋል። ጋራዡ ከተዘጋ ደግሞ አባባ በሕይወት የሚቆዩ አይመስለኝም። አሁን ግን አንተ አለህላቸው።»

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተ ባትመጣ ኖሮ መሄድ አልችልም ነበር» አለችኝ። ማመስገኗ ነው፤ ከልቧም ነው። ከመንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣሁም።

ሽማግሌዎቹ ወሬው ሲደርሳቸው እየሮጡ መጡ። እሱ አዎ ካለ፣ እሷ አይ ካለች፣ ቀለበቱ ይታሰርና ሠርጉ ይቅር አሉ። ልጅቷ ከውስጥ ወጥታ እጅ ነሥታ «አባቶቼ፣ እኔ ቡና አይደለሁም» አለቻቸው። ጸሐፊው ወደ ጋሼ ዞሩ። በዚያ ዘመን አባት አንዴ ሰጥቻለሁ ካለ የልጅ «አይ» ማለት የትም አይደርስም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው። እኔ ያን ቃል እንዲናገሩ ልቤ ይጮህ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ጋሼ ግን «ትሂድ» አሉ።

በነጋዴው አዲስ መኪና እስከ ጅማ ልትሄድ ሆነ። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ከጋሼ ጋር ሞተሩን ፈትሸን አሰርነው። እንደዚያ ተጠንቅቀን ያሰርነው እሳት የለም፤ የሷ መንገድ ነውና። ጠዋት አባቷን ሳመች፣ እኔንም እጄን ጨበጠችኝ፣ ጋቢና ገባች። መኪናው ከታጠፈ በኋላ እኔ የማየው ነገር አልነበረኝም፤ ከጋሼ ጋር እኩል ሆንን። ሁለታችንም ጋራዡ በር ላይ ቆመን እናዳምጥ ጀመር። የመጀመሪያውን ዳገት ያዘ። አልተንተፋተፈም፣ አልተኮሰም፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ እየጠራ ሄደ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልክ ነው» አሉ። ጆሯቸውን ወደ መንገዱ እንዳዘነበሉም «ምነው ዛሬ እንኳ እሳቱ በዘገየ» አሉኝ።

እኔም ከጠዋት ጀምሮ እግዚአብሔርን የምለምነው እሱኑ ነበር።